ጀግና፣ ደፋር ወይስ ጎበዝ?
በጎንደር ሰማይ የወደቀው አብራሪና የተራኪዎቹ ሚዛን

ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም.፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። በሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ ሰዓት እረኛ ከብቱን ወደ በረት የሚነዳበት፣ የገብሱ ማሳ በመጨረሻዋ ጀምበር የሚያብረቀርቅበት፣ ብርዱም ጋቢ ደርቡ ማለት የሚጀምርበት ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ከዳባት ማረፊያ አንድ የደቡብ አፍሪካ የጦር አይሮፕላን ተነሣ። አብራሪው ላንስሎት ሆፕ ይባላል። የያዘው ግላዲያተር የሚባለውን፣ የላይና የታች ድርብ ክንፍ ያለውን የእንግሊዝ ተዋጊ አይሮፕላን ነው። ሊገጥመው የወጣውም ድርብ ክንፍ ነበር፤ የኢጣልያ ፊያት፣ ሲ.አር. 42።

ሆፕ ከላይ ተወርውሮ በ270 ሜትር ግድም ርቀት ላይ ተኩስ ከፈተ። ባለ ፊያቱ ተጠማዘዘ፣ ተገለባበጠ፣ ለማምለጥ የሚቻለውን ሁሉ ሞከረ። ሆፕ አልለቀቀውም። እስከ 18 ሜትር ግድም ድረስ ተጠጋው፤ ቁልቁል ሊያመልጥ ሲል ደገመው። አንድ አፍታ እሳት ብልጭ አለ። ፊያቱ እየተሽከረከረ ወርዶ አምባዞ አጠገብ መሬት መታና ነደደ። በማግሥቱ ፍርስራሹ ሲገኝ አብራሪው ከመቀመጫው አልተነሣም ነበር። ስሙ ኢልደብራንዶ ማላቮልታ ነው።

ሆፕ በማግሥቱ በኢጣልያኖች ምሽግ ላይ አንድ መልእክት ከአየር ጣለ። ለፊያቱ አብራሪ ክብር እንደሚሰጥ፣ ሰውየው ልበ ሙሉ እንደነበር የሚገልጽ፣ በደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ስም የተፈረመ አጭር ቃል ነበር። የኢጣልያ መንግሥት ደግሞ ለሟቹ ከፍተኛውን የጦር ሜዳ ክብሩን፣ የወርቅ የጀግንነት ሜዳሊያውን ሰጠ።

ታሪኩ ይኸው ነው። የአይሮፕላን ጦርነት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ተመትቶ የወደቀው የመጨረሻው የኢጣልያ አይሮፕላን ይህ ነው እያሉ ይተርኩታል። አንብቦ ልቡ የማይነካ ያለ አይመስለኝም፤ የኔም ተነክቷል። ሒስ የሚጀምረው ግን ልብ ከተነካ በኋላ ነው። ልቤን የነካው ምንድን ነው? የሰውየው ሞት ወይስ የተራኪው ብልሃት? ይህን ሳንጠይቅ የሰው ታሪክ ተቀብለን የራሳችንን እንዳንጥል እፈራለሁ።

በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ስድስት ጥያቄዎች ናቸው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት፣ ለምን። እነዚህን ስድስት ወንፊቶች ይዘን ታሪኩን እንንፋው።

«ማን» የሚለው ተመልሷል፤ የሁለቱም ስም አለ። «መቼ» እስከ ደቂቃው ተመልሷል። «ምን» የሚለውም አያሻማም፤ አንድ አይሮፕላን ወድቋል፣ አንድ ሰው ሞቷል። ትረካው መሰንጠቅ የሚጀምረው «እንዴት» ላይ ስንደርስ ነው። ኒኮ ስጋርላቶ የተባለው ኢጣልያዊ የታሪክ ጸሐፊ ነገሩን እንዲህ አይተርከውም። በእርሱ ትረካ ማላቮልታን የገጠሙት ሦስት ግላዲያተሮች ናቸው፤ ሁለቱን ከጣለ በኋላ ነው ራሱ የወደቀው። ሌሎች ጸሐፊዎች ደግሞ በሁለቱ ላይ ተኮሰባቸው እንጂ አልጣላቸውም ይላሉ። ሃካን ጉስታፍሶንና ሉዶቪኮ ስሎንጎ የሁለቱን ወገን መዝገብ አስተያይተው የደረሱበት ድምዳሜ ቁርጥ ያለ ነው፤ ሁለቱ ግላዲያተሮች አንዲት ጥይት እንኳ አልነካቸውም።

እንግዲህ አንድ ሞት ሦስት ሞት ሆነ። በመጀመሪያው ትረካ ሟች ሁለት ገድሎ ይሞታል፤ በሁለተኛው ተኩሶ ይሞታል፤ በሦስተኛው ማንንም ሳይነካ ይሞታል። እኔ ሦስተኛውን አምናለሁ። በአየር ላይ የተመታ አይሮፕላን የሁለት ወገን ጉዳይ ነው፤ መቺው ቢፎክር ተመቺው የጎደለውን ይቆጥራል። የጎደለ ነገር በሌለበት ፉከራ ብቻውን አይቆምም። ሒሱ ግን ማን ዋሸ በሚለው አያበቃም። ሁለቱ ግዳዮች ለምን አስፈለጉ? ጥያቄው ይህ ነው።

ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ለቅሶ ላይ የሟቹ ጠመንጃ፣ ጎራዴና ልብሱ ይወጣል፤ አልቃሿ የሟቹን ግዳይ ትቆጥራለች። ባዶ እጁን የሞተ ሰው ለአልቃሽ ያስቸግራል። ስለዚህ አልቃሿ ጥቂት ትጨምርለታለች፤ ለቀስተኛውም እያወቀ ዝም ይላል፤ ሐዘን ነውና። የኢጣልያኑ ትረካ እንዲህ ያለ ለቅሶ ነው። ሙሾ አውጪ ላይ አልፈርድም። ሙሾ ተጠርዞ ታሪክ የሚል ስም ሲወጣለት ግን ዝም ማለት ይከብዳል።

ደግሞም የተጨመረው ነገር ሟቹን አሳንሶታል እላለሁ። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ የጎንደርን ሁኔታ አስቡት። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተዋል። የአኦስታው መስፍን በግንቦት አምባላጌ ላይ እጁን ሰጥቷል። የወልቀፊት ምሽግ በ1934 መስቀል ሰሞን ተለቅቆ ከሊማሊሞ አፋፍ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ተከፍቷል፤ አንድ ወር ሳይሞላ ዳባት የሆፕ መነሻ የሆነችው ለዚህ ነው። ጎንደር ላይ የቀረው ጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲ ነው፤ ወደ ባሕር መውጫ የለው፣ ከአገሩ ስንቅ አይመጣለት። እነዚያ ፊያቶች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡበት መንገድ ራሱ የችግሩን ልክ ያሳያል። መርከብ በስዊዝ ማለፍ ስለማይችል ተፈታትተው በትልልቅ የጭነት አይሮፕላኖች ሆድ ውስጥ ከሊብያ እየተጫኑ ነው የመጡት። ጥቅምት ላይ በጎንደር ሊበር የሚችል ተዋጊ አይሮፕላን በጣት የሚቆጠር ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብቻውን ወደ ሰማይ የሚወጣ ሰው እንደማይመለስ ሳይገምት አይቀርም። ማንንም ሳይጥል መሞቱ መውጣቱን አያሳንሰውም። ሁለት የፈጠራ ግዳይ ሲታከልበት ግን ሰውየው ከሰውነት ወጥቶ የሜዳሊያ ሥዕል ይሆናል።

«የመጨረሻው» የምትለዋም ቃል መፈተሽ አለባት። ማላቮልታ ከወደቀ ከአንድ ወር በኋላ፣ ኅዳር 13 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ጁሴፔ ሞቴ የተባለ ሌላ አብራሪ በሌላ ሲ.አር. 42 ተነሥቶ ቁልቋል በር ላይ የነበረውን የእንግሊዝ መድፈኛ በመትረየስ መታ። በዚያ ጥቃት ኦርምስቢ የተባለው የመድፈኛ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ተገደለ። ሞቴ ተመልሶ ካረፈ በኋላ አይሮፕላኑን በገዛ እጁ አጠፋው፤ ከእግረኛው ጋር ተቀላቅሎ እስከ ፍጻሜው ተዋጋ። በአምስት ቀኑ፣ ኅዳር 18፣ ጎንደር ተያዘች፤ ናሲም እጁን ሰጠ።

እስቲ ሁለቱን አስተያዩአቸው። ሞቴ በእርግጥ ጠላቱን ገድሏል፣ በእርግጥም የመጨረሻውን በረራ በርሯል፤ ከዚያም ክንፉን ቆርጦ ጥሎ በእግሩ ቆሟል። ነገር ግን በሕይወት ስለተረፈ ትረካው አላቀፈውም። ማላቮልታ ስለሞተ «የመጨረሻው» ሆነ። ተራኪ መጨረሻ ይወዳል፤ እሳት ያለበት መጨረሻ ደግሞ አብልጦ ይወዳል። ይህ የታሪክ ሚዛን ሳይሆን የተረት ሚዛን ነው።

የኢጣልያኑን ይህን ያህል ካልን የደቡብ አፍሪካውን ማለፍ አድልዎ ይሆናል። የሆፕ መልእክት መልካም ነገር ነው፤ ገድሎ ከመፎከር ገድሎ ማክበር ይሻላል። ይሁን እንጂ ትረካው በዚህች ብጣሽ ወረቀት ላይ ብዙ ሸክም ይጭናል፤ የፈረሰኞች ዘመን ጨዋነት በደመና መካከል ተመለሰ ያሰኘናል። ያ ጦር በአገሩ ምን ነበር? ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን በዚያው ጦርነት ዘምተዋል፤ ጠመንጃ ግን አይሰጣቸውም ነበር። ቦይ ቆፋሪ፣ ነጂ፣ ቃሬዛ ተሸካሚ ናቸው። ነጩ ጠላት ከአየር የክብር ቃል ሲጣልለት ጥቁሩ ወገን መሣሪያ እንኳ አይታመንም። የጎንደርም ግንቦች ይመስክሩ። ኢጣልያኖች የነገሥታቱን ግቢ ለጦር ሠፈር አደረጉት፤ የእንግሊዝ ወገን ቦምብ ጣለበት፤ በምድር መንቀጥቀጥ ተጎድቶ የቆየው የአፄ ኢያሱ ግንብ እንደገና ተጎዳ። ለኢያሱ ግንብ ግን ከሰማይ የወረደ የክብር ቃል የለም።

አሁን ወደ «የት» እና ወደ «ለምን» እንምጣ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ዳባትና አምባዞ ካርታ ላይ የተነጠቡ ሁለት ነጥቦች ናቸው። አንዱ መነሻ፣ አንዱ መውደቂያ። በመካከላቸው ሰው የለም። ገበሬ የለም፣ ማሳ የለም፣ ከብቱን ጥሎ ወደ ጉድባ የሸሸ እረኛ የለም። ሰማዩ የሁለት እንግዶች ነው፤ ምድሩም እነርሱ የሚወድቁበት ባዶ ሜዳ ነው።

ያ ምድር ግን ባዶ አልነበረም፤ ከሰማይ የሚመጣውንም ነገር ያውቀዋል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የወረደው ከኢጣልያ አይሮፕላን ነው። በዚያ ግንባር ከራስ እምሩ ጋር ከተሰለፉት አንዱ የጎንደሩ ደጃዝማች አያሌው ብሩ ነበሩ። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የስታራቼ ሠራዊት ጎንደር ገባ። ከዚያ በኋላ በአርማጭሆ፣ በወገራ፣ በጭልጋ፣ በስሜን አርበኛው በዱር በገደል ሲኖር ጠላቱ ከፊቱም ከራሱም በላይ ነበር። የጎንደርን አርበኞች ተጋድሎ የገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» ያወሳናል። የአርማጭሆው አርበኛ ደጃዝማች ውብነህ ተሰማ «አሞራው» ይባሉ ነበር። ይህን ስም ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ሰማዩን አይሮፕላን በያዘበት ዘመን የአሞራን ስም የተሸከሙት አንድ አይሮፕላን ያልነበራቸው ሰው ነበሩ። ኢትዮጵያም አብራሪ አጥታ አልነበረም፤ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ከወረራው በፊት በ1923 ዓ.ም. አካባቢ ለማብረር በቅተዋል። ያጣችው አይሮፕላን ነው።

ማላቮልታን በተከዜው ጋዝ እንክሰሰው አልልም። የአንድን ጦር ኃጢአት በአንድ ሬሳ ላይ መቆለል ሙት ወቃሽነት ነው። ሲ.አር. 42 ራሱ በ1928 ዓ.ም. አልተሠራም፤ መጀመሪያ የበረረው በ1930 ነው። ዳሩ ግን «ለምን» የሚለው ጥያቄ ሰውየውን በግሉ ባይከስም ይጠራዋል። ለምን እዚያ ነበር? ማንም ጎንደሬ ሮም ሰማይ ላይ አልበረረም። ሆፕም ቢሆን ጎንደርን ነፃ ሊያወጣ መጣ ብንል እንኳ መነሻው የእንግሊዝ ጦርነት ነበር። ይህን የሚዘል ትረካ ስለ ጀግንነት ምን ቢያምር እውነቱ ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ጉዳይ ልተንፍስ። የሆፕን መልእክት ወደ አማርኛ መመለስ ቢኖርብን ያንን «ልበ ሙሉ» የሚያሰኘውን ቃል በምን እንመልሰው? «ጀግና» ብንል አይሆንም። በኛ ልማድ ጀግና የሚለው ቃል ዓላማን አብሮ ይሸከማል፤ ለአገሩ፣ ለሃይማኖቱ፣ ለወገኑ የቆመ ሰው ነው። ሊወር የመጣን ጀግና ማለት ለአርበኛው ምን ሊቀር ነው? «ደፋር» እንበል? ደፋር ግማሽ ስድብ ነው። እናት ልጇን «አንተ ደፋር!» ስትለው እያመሰገነችው አይደለም። የሰው ጓሮ የገባን ሰውም ደፋር እንለዋለን፤ ይህ ትርጉም ለማላቮልታ ባይርቀውም ሆፕ ያሰበው ይህን አልነበረም።

«ጎበዝ» የሚለው ቃል ይቀራል። ጎበዝ በድሮው ትርጉሙ ለፍልሚያ የደረሰ ወጣት ነው። በጎንደር ገጠር የጎበዝ አለቃ የሚባለው እነዚህን የሚመራው ነው፤ አገር ሲጠፋ አገሬው ራሱ መርጦ ያቆመዋል። ጎበዝ ጉልበትና ልብ እንዳለው ይነግረናል፤ ጉልበቱና ልቡ ለምን እንደዋለ ግን አይናገርም። ለማላቮልታ የሚገባው ቃል ይህ ነው። ጎበዝ ነበር፤ ጀግና ብለን ግን አንፈርምለትም። በአንድ ቃል ብቃቱን ሰጥተን ፍርዱን እናስቀራለን። የባዕዱ ቋንቋ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎታል፤ አማርኛ ሲለያያቸው እኔ እንደ ሀብት እቆጥረዋለሁ።

የኛንም ጽሑፍ ሳልነካው ብሄድ ሒሱ ጎዶሎ ይሆናል። የአርበኝነት መጻሕፍታችን የወገንን ስም ከነማዕረጉ፣ ከነአገሩና ከነፈረስ ስሙ ይመዘግባሉ፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ጠላት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሶላቶ» ነው፤ ፊት የለውም። እናት የሌለው፣ የማይፈራ፣ የማይበርደው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የሚቃጠል ቤት ውስጥ ያለ ሰው የአቃጣዩን ስም አይጠይቅም። ነገር ግን ከ80 ዓመት በላይ አልፏል። ጥንታዊው ፎካሪ ጠላቱን አያሳንስም ነበር፤ አንበሳ ገደልኩ እንጂ ሚዳቋ ገደልኩ ብሎ የሚፎክር የለምና። ጠላትን ሰው አድርጎ ማየት ድሉን አይቀንሰውም። እንዲያውም በባዶ እግሩ የተዋጋው አርበኛ ያሸነፈው ልብ ያለውን፣ ክንፍ ያለውን፣ የሠለጠነውን ሰው መሆኑን ይመሰክርለታል። ሶላቶ ሁሉ ፈሪ ከነበረ የኛ አባቶች አምስት ዓመት ምን ሲያደርጉ ኖሩ?

ስለዚህ የምፈልገው ትረካ ሦስት ዓይን ያለው ነው። አንዱ ዓይን ፊያቱ ውስጥ ሆኖ የመጨረሻዋን ጀምበር ያያል። ሌላው ከኋላው 18 ሜትር ላይ ሆኖ ጣቱን መትረየሱ ላይ ያሳርፋል። ሦስተኛው ከታች፣ ከማሳው ጥግ፣ ቀና ብሎ ያያል፤ ሁለቱንም አይለያቸውም፤ ማን ወገን ማን ጠላት እንደሆነ በክንፋቸው አያውቅም፤ የሚያውቀው የወደቀው እሳት የማን ማሳ ላይ እንዳረፈ ነው። ይህ ሦስተኛው ዓይን በባዕዳኑ መጻሕፍት የለም፤ በኛም ገና አልተጻፈም። ልብ ወለድ ጸሐፊዎቻችን ይህን ክፍት ቦታ ቢያዩት ምንኛ ደስ ባለኝ!

ነገሩ የድሮ ብቻ ቢሆን እዚህ ባበቃሁ። ግን ሰማይ ዛሬም ከገበሬ ራስ በላይ ነው። የዘመናችን ጦርነት አብራሪውን ከአይሮፕላኑ አውርዶታል። በአገራችን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ድሮን የሚለው ቃል ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ ሳይቀር የሚለው ቃል ሆኗል። ሰው አልባው አይሮፕላን ቢወድቅ በፍርስራሹ ውስጥ ሬሳ አይገኝም፤ ጠላትም የክብር ወረቀት የሚጥልለት ሰው የለም። በ1934 ዓ.ም. ከነበሩት ሦስት ዓይኖች ሁለቱ ከሰማይ ጠፍተዋል። የቀረው ሦስተኛው ነው፤ ያ በማንም መጽሐፍ ያልተጻፈው፣ ከማሳው ጥግ ቀና ብሎ የሚያየው።

ማላቮልታ ሜዳሊያውን አግኝቷል፤ ሆፕም ስሙ ከጨዋነቱ ጋር ይነሣል። እንዳገራችን ወግ ለሞተው ነፍስ ይማር ብለን እንለፍ፤ ጎበዝ ነበርና። ብዕራችንን ግን ለሦስተኛው እናቆየው። እስከ ዛሬ አንድ ቃል እንኳ ያልተጣለለት እርሱ ነው።

ቸር ያሰንብተን።